የመንፈሷ ማመልከቻ

እኔ የሠራኋት መንፈስ ጠሪ በመጀመሪያዋ እሁድ ዘንዶውን ገደለችው። ተራኪያችን ለዚያ ዘንዶ ሁለት ወር ሙሉ ዋሻ ሲስልለት፣ ጥርስ ሲቆጥርለት ከርሞ ነበር። የኔዋ ጠሪ ዋሻው አፍ ላይ ቆማ መንፈስ ጠራች፣ መንፈሱ መጣ፣ ዘንዶውን አንዴ አቀመሰው፣ አለቀ። ሻያችን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ እኔና እናቴ የምንኖርበት ቤት ሳሎን ውስጥ አራት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበን እንጫወታለን። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፣ የቀረነው እያንዳንዳችን የታሪኩ ሰው ሆነን እንገባበታለን፤ አንዱ ጎራዴ ይይዛል፣ አንዱ መድኃኒት ይቀምማል። የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይሱ ይወስናል። ዳይሳችን አብነት ሰፈር ያለ አንድ እንጨት ሠሪ የጠረበልን ሃያ ፊት ያለው ነገር ነው። ሰውየው አንዱን ጎን ትንሽ ስላወፈረው አሥራ አራት ቁጥርን ከመጠን በላይ ይወዳል። እኛም ለምደንለታል።

ተራኪው ሜክሲኮ ባንክ ቤት የሚሠራ ባለመነጽር ጓደኛችን ነው። ጎራዴ የምትይዘው የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ተማሪ ላይ ያልጮኸችውን ጩኸት እሁድ ዘንዶ ላይ ታወጣዋለች። መድኃኒት ቀማሚው እዚያው አብነት ልብስ ሰፊ ነው፣ ወሎዬ፣ በጨዋታ ሰው ሲቆስል እንኳ ከልቡ የሚያዝን። ከውጭ የመጣ የጨዋታ መጽሐፍ ነበረን። በረዶና ጫካ የበዛበት፣ በየገጹ ጢማም ሰው ቢራ የሚጠጣበት ነገር ነው። ሰለቸንና የራሳችንን እንሥራ ተባብለን ሙያዎቹን ተከፋፈልን። መንፈስ ጠሪዋ ጋ ሲደረስ ማንም ሳይጠይቀኝ "ይቺን ለኔ ተዉልኝ፣ ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እና ዘንዶው በአንድ ምት ሞተ። የባንኩ ሰው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ሲናደድ የሚያደርገው ነው።

"ይሄ ሙያ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው" አለኝ። "መንፈስ ማለት አስተናጋጅ ነው እንዴ፣ አጨብጭበሽ የምትጠሪው?"

አስተማሪዋም ጎራዴዋን ሳትመዝ ነገሩ በማለቁ አኩርፋለች። ወዲያው ተፈረደብኝ። ዘንዶው እንዳልሞተ ተቆጠረ፣ ሁለት እሁድ ተጨመረልኝ፤ በሦስተኛው ጠሪዋ ካልተስተካከለች ደብተሯ ይቀደድና በቦታዋ የባንኩ ሰው የሠራው ቀስተኛ ይገባል። ቀስተኛውን አይቼዋለሁ። ቀስት ይወረውራል። በቃ፣ ሌላ ምንም አያውቅም።

ጠሪዋን ለማዳን የፈለግኩት ለእልህ ብቻ አልነበረም። እልሁ አልጠፋም፣ አልዋሽም። ግን እኔ እውነተኛዋን አውቃት ነበር።

የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ ሰፈራችን ሳይፈርስ፣ እዚሁ ልደታ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስንኖር እናቴ ዛር ነበረባት። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ትመጣባታለች። ኩሩ ዛር ነበረች። እናቴ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጣታል። ዛሯ ግን አንተ ትለዋለች። "አንተ ጎሚስታ፣ ና ቅረብ" ትለዋለች፣ እና አባቴ፣ አብነት ጎማ ሲያስተካክል ሹፌር ሁሉ የሚፈራው ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ ይቀርባል። አንዴ ሽቶ ጠየቀችው። አንዴ ቀይ ሻሽ። አንዴ ለአንድ ወር ጠጅ ቤት እንዳይረግጥ። አንዴ ጫማ። እየተራገመ ሁሉንም አደረገላት። ለኛ ሲሆን ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ቆርጦ የሚያጫማን ሰው ነበር፤ ቤታችን ጎማ ሞልቶ ጫማ መግዛት ቅብጠት ነው ይል ነበር።

አባቴ ሲሞት ዛሯም በዚያው ቀረች። እናቴ ጠበል ተጠመቀች፣ ማኅበር ገባች፣ ልደታ ማርያም ደጅ የማትታጣ ሰው ሆነች። ያ ዘመን ቤታችን ውስጥ "ያ ነገር" ይባላል፤ እሱም ከተነሳ ነው፣ አይነሳም።

እንግዲህ ያለሁበትን ጣጣ ተመልከቱልኝ። ጠሪዋን ማስተካከል የምትችል አንድ ሰው አለች፣ የምትኖረው ከኔ መኝታ ቤት ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፣ እና አትጠየቅም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የሚያስነጥስ ፕሪንተር ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ሰው እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ ለቅሶውን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ በቁጥር አወጣዋለሁ። ዓመታት በዚህ ስላለፉ የሰው በደል መፍጠር አይከብደኝም። ስለዚህ ደንበኛ ፈጠርኩ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ አንዲት ሴትዮ መጥታ ነበር። ባሏ ሊፈታት ነው፣ ዛር አለባት ብሎ።"

እጇ ትሪው ላይ ቆመ። "ምን አድርጋው?"

"ዛሯን እያዘዘች ታስቸግረኛለች ይላል።"

"እያዘዘች?" አለች። "ዛር ይታዘዛል እንዴ? እሱ ነው እንጂ የሚያዘው። ምን ዓይነት ደንቆሮ ባል ነው?"

ደንቆሮው እኔ ነበርኩ። ጠሪዬን መንፈስ አዛዥ አድርጌ የሠራሁት እኔ፣ ያውም የዛር ልጅ ሆኜ፣ ከበረዶው መጽሐፍ ቀድቼ። እናቴ ግን ምስሩን ትታ ወደኔ ዞረች። ስትጠራው ሲፈልግ ነው የሚመጣው አለች። ሲመጣም መጀመሪያ ምንም አይሠራም፤ ይጠይቃል። የሚመጣባት ሴት ፈረሱ ናት፣ ፈረስ አታወራም። የሚለማመጠው ቤተሰቡ ነው፤ "ምን እናድርግልህ?" የሚል አንድ ለማኝ መኖር አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ትልቅ ነገር ነው፣ ለመውረድ እንዲመች። በሚፈለገው ከተጀመረ ግን ዘላለም አይገኝም።

"ካለቀ በኋላስ?" አልኳት።

"ካለቀ በኋላ ፈረስ ምንም አያስታውስም። ስትነቃ 'ምን ሆኜ ነው?' ነው የሚባለው።"

እየሮጥኩ ሽንት ቤት ገብቼ ጻፍኩ። ተመልሼ መጣሁ፣ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ እንደገና ሮጥኩ። በሦስተኛው "ሆድሽን አሞሻል?" አለችኝ። "ትንሽ" አልኩ። ተነስታ ፌጦ በጥብጣ አመጣችልኝ፣ እስኪያልቅም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለዚያች ጠሪ የከፈልኩትን መሥዋዕትነት የባንኩ ሰው አያውቀውም።

ደንበኛዬ በሳምንት ውስጥ አደገች። ሦስት ልጆች ሰጠኋት፣ ክፉ አማት ጨመርኩባት። እናቴ ማታ ማታ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ያቺ ሴትዮስ?" ትለኛለች። ምክርም ትልክላታለች። "ሽቶ እንዳትጠይቅ በያት" አለችኝ አንድ ቀን፣ "የሽቶ ጊዜ አልፏል። ስልክ ትጠይቅ። ጥሩውን።" ምክሩ ለዛሯ ሳይሆን ለሴትየዋ የሚላክ መሆኑ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ለመጻፍ ስሮጥ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

በሁለተኛው እሁድ ጠሪዬ ፈረስ ሆና መጣች። መንፈሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ከደብተሬ አነባለሁ። ልብስ ሰፊው "ልክ ነው፣ ወሎ አክስቴም እንዲህ ናት" ብሎ መሰከረልኝ። ችግሩ ግን ጓደኞቼ የተጠየቁትን ሁሉ "እሺ፣ ሰጠን" እያሉ በእርሳስ መሰረዛቸው ነበር። ማንም አልተለማመጠም፣ ማንም አልፈራም። የባንኩ ሰው "ተሻሽሏል" አለና "ግን አሁንም አልሆነም" ብሎ ጨመረበት። አንድ እሁድ ቀረኝ።

ሐሳብ መጣልኝ። መንፈሷ ማመልከቻ ታስገባ። በማውቀው ፎርም፣ በቢሮዬ ወረቀት፣ በቁጥር የተከፋፈለ። ሰው ማመልከቻ ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔ የምኖረው በዚያ ድንጋጤ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጻፍኩት፣ አተምኩት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ምሳ ወጣሁ።

ስመለስ እናቴ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታለች፤ ለደንበኛዬ። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ፣ ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ማመልከቻ የሚጽፍ ትሑት ሰው፣ እንዲህ ያለች ባለጉዳይ እንደሌለችን ነግሯታል። አላመነችውም። የሴትየዋን ጉዳይ ራሷ ልታገኝ ወረቀቴን አንስታለች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። በሩ ላይ ቆሜ ጣቷ ሲወርድ አየሁት።

"ለተከበረው የዘንዶ ገዳዮች ቡድን፣ ዋሻው አፍ። አመልካች፦ ኩሩዋ መንፈስ። ጉዳዩ፦ ዘንዶውን ከመምታቴ በፊት እንዲፈጸምልኝ የምጠይቀውን ይመለከታል። 1ኛ፣ ሽቶ። 2ኛ፣ ቀይ ሻሽ። 3ኛ፣ ጎራዴ ያዧ ለአንድ ወር ጠጅ ቤት እንዳትረግጥ። ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።"

ጣቷ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችው።

"ሴትየዋ የለችም" አለች።

"የለችም።"

"እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወረቀት የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

"ገመናዬን ነው የምትጫወቺበት?" አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ አልጨመረችም። ጠበሉን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጣልኝ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውሸቴን ብልጠት ነበር የምለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ስርቆት መሆኑን አወቅኩ፣ አፈርኩም።

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ራት ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ጸሎቷን ከወትሮው ከፍ አድርጋ ታደርሳለች፣ ግድግዳው ስስ መሆኑን ስለምታውቅ። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለቴ በሯ ላይ ቆምኩ፣ ሁለቴም "ልተኛ ነው" አለችኝ።

እሁድ ደረሰ። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ማኅበር ትሄዳለች፤ ያን ቀን መኝታ ቤቷን ዘግታ ቀረች። ጓደኞቼ መጥተው ሲቀመጡ የባንኩ ሰው የቀስተኛውን ወረቀት በላስቲክ ሸፍኖ ቦርሳው ውስጥ ይዞት መምጣቱን አየሁ።

"ጠሪዋን ከጨዋታው አውጥቻታለሁ" አልኳቸው።

"ምነው?" አለች አስተማሪዋ።

"የናቴ ናት። ሳልጠይቃት ነው የወሰድኳት።"

የባንኩ ሰው እንኳ ቀስተኛውን ለማውጣት አፈረ። ደብተሬን አነሳሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ። ሁለተኛውን ስይዝ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

እናቴ ራሷ ላይ ቀይ ሻሽ አስራለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያላየሁት ሻሽ ነው፣ የተጣለ ነበር የሚመስለኝ።

"አስቀምጪው" አለችኝ። ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠች። ሐሙስ ያጠፈችውን ወረቀት ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችው። "ይሄ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል። ሽቶ መጀመሪያ አይጠየቅም። ከተጫወታችሁ አይቀር በወጉ ተጫወቱ።"

"እማዬ፣ እኔ..."

"ፈረሷ ማናት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ፈረስ አያወራም።"

አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ ሰነፍና የተመቸው ድምፅ። አስተማሪዋ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"አንተ ባለመነጽር፣ ና ቅረብ።"

የባንኩ ሰው ተነሳ። ማንም ሳይነግረው ኮፍያውን አወለቀ።

"የወርቅ ኮርቻ" አለችው።

"ወርቅ... ወርቅ የለንም እመቤቴ።"

"ሰባት የሰባ ሰንጋ።"

"አንድ ፍየል ብናደርገውስ?"

ሳቀችበት። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው እንደዚያ ሲሳቅበት አይቼ አላውቅም። "ጀርባዬን ላዙርባችሁ?" አለችና ዞረች። ተራኪው እሱ ስለሆነ መንፈሷ ስትዞር የራሱ ዘንዶ እሳት መትፋት ነበረበት። ዳይሱን ወረወረ፣ አሥራ አራት መጣ፣ የአስተማሪዋ ክንድ ተቃጠለ። ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ "ጎንበስ በል፣ ጎንበስ በልላት" ይለዋል፣ ደንቡን እንደሚያውቅ ሰው። ጎንበስ አለ። ለመናት፣ ከልቡ ለመናት። በደብተሬ ሁለት ሳምንት ስደክምበት የከረምኩት ነገር በአምስት ደቂቃ ተሠራ።

በመጨረሻ ፊቷን መለሰችለት።

"ወርቁንም ሰንጋውንም ትቼላችኋለሁ" አለች። "ጫማ አምጡልኝ። ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ሠላሳ ቁጥር።"

"ሠላሳ የልጅ ቁጥር ነው" አለ የባንኩ ሰው። "መንፈስ በልጅ ጫማ ምን ታደርጋለች?"

"አንተ ምን አገባህ? አምጣ ተባልክ፣ አምጣ።"

"እዚህ ዋሻ አፍ ላይ ከየት እናመጣለን?"

"ከመጣችሁበት ተመለሱ።"

እኔ ፈረስ ነበርኩና ዝም አልኩ። ግን ጫማው ታየኝ። አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎት እየተራገመ የገባ ዕለት፤ ለዛሯ ተብሎ መደርደሪያ ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠው፤ በሦስተኛው ቀን እናቴ "አይታዋለች፣ ወዳዋለች፣ አሁን ልጅቷ ታድርገው" ያለችው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የኛ ግቢ ልጆች በበረባሶና በላስቲክ ጫማ ሲሄዱ እኔ ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ ጫማ አድርጌ አንደኛ ክፍል ገባሁ። እንባዬ መጣ። ፈረስ አታለቅስም የሚል ሕግ ስላልጻፍኩ ለቀቅኩት።

ጓደኞቼ ተራራውን ወርደው ገበያ ተመለሱ። አስተማሪዋ በተቃጠለ ክንዷ ከጫማ ሻጭ ጋር ተከራከረች፣ ልብስ ሰፊው ቁጥሩን አረጋግጦ በጨርቅ ጠቀለለው። ከሰዓቱ በሙሉ በዚያ አለቀ። ዘንዶው ሊመሽ ሲል ሞተ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ መትተውት፣ ሁሉም ደክሟቸው። የባንኩ ሰው ቦርሳውን ሲዘጋ ቀስተኛውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። "ይቺ ትኑር" አለኝ። "ግን ለማኙ ሁልጊዜ እኔ አይደለሁም፣ ተረኛ ይኖረዋል።"

ሲሄዱ እናቴ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። ሻሿን አውልቃለች። አጠገቧ ቆሜ ፎጣ አነሳሁ።

"ይቅርታ እማዬ" አልኳት። "መጠየቅ ነበረብኝ።"

"ነበረብሽ" አለች።

አንድ ብርጭቆ አደረቅኩ። ሌላም። "ያኔ ግን... እውነት ትመጣብሽ ነበር? ወይስ..."

"ፈረስ ምንም አያስታውስም አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"እንግዲያው።" የመጨረሻውን ብርጭቆ አጥባ ሰጠችኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ክፍሏ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ሠላሳ አንድ ማለት ነበረብኝ" አለች። "ገና ዓመቱ ሳያልቅ ጠበበሽ።"